የቤት ዕቃ መዘክርነት፤ የማስታወስ ኀይላቸው ስለ ደከመባቸው አረጋውያን



«ዘከረ» የሚለው የግዕዝ ግሥ በአማርኛ አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው። ከዚህ ከአንዱ ግሥ ብዙ ቃላት ተወልደው በቤተ ክርስቲያናችንና በኑሯችን ውስጥ ይሠራሉ። በቅዱሳን ስም ለድኾች የምናበላው ዝክር፣ ላረፉት ወገኖቻችን የምናወጣው ተዝካር፣ የጥንት ዕቃ ተሰብስቦ የሚጠበቅበት ቤተ መዘክር፣ ሁሉም የዚሁ ግሥ ልጆች ናቸው። በዕብራይስጥም ቃሉ ተመሳሳይ ስለ ሆነ፣ በእርጅናው ወራት መጥምቁ ዮሐንስን የወለደው ካህን ዘካርያስ ተብሎ መጠራቱ «እግዚአብሔር አሰበ» ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ በአንድ ቃል ሦስት ነገሮች ተገናኝተው እናገኛለን፤ ይኸውም የሰው ማስታወስ፣ ለማስታወስ የሚረዳው ዕቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እግዚአብሔር ሰውን ማሰቡ ነው። የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ በሦስቱ ላይ የቆመ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት ግልጥ ነው። በየምእመናኑ ቤት ለጸሎትና ለጥየቃ ስንገባ፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ የማስታወስ ኀይላቸው የደከመባቸውን አባቶችና እናቶች እናያለን። አንዳንዶቹ የልጆቻቸውን ስም ይረሳሉ፤ አንዳንዶቹ ከሞቱ ብዙ ዘመን የሆናቸውን ሰዎች የት እንደ ሄዱ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ይላሉ። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ሲወድቅ ይታያል። አንዱ ስሕተት አረጋዊውን በሕይወት ሳለ እንደ ሞተ ቈጥሮ በጓዳ አስቀምጦ መተው ነው። ሁለተኛው ስሕተት መርሳቱን እንደ ጥፋት ወይም እንደ ርኩስ መንፈስ ሥራ ቈጥሮ መቈጣትና ማሳፈር ነው። ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ አለ። ይህም መንገድ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ መሣሪያው ቀድሞውኑ በቤት ውስጥ ያለው መሶብና ጀበና፣ እንዝርትና መቋሚያ ነውና።

1ኛ፤ እግዚአብሔር በዕቃ እንዳስተማረ

የሰው ልጅ ሥጋና ነፍስ ያለው ስለ ሆነ፣ የረቀቀውን ነገር የሚይዘው በሚታየውና በሚዳሰሰው ነገር ነው። ይህን የፈጠረው አምላክ ያውቃልና፣ ሕዝቡን እንዲያስቡ ባዘዘ ጊዜ ትእዛዙን በእጅ በሚያዝ ነገር አጸናላቸው። በኦሪት ዘኍልቍ 15ኛው ምዕራፍ፣ እስራኤል በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ እንዲያደርጉና ዘርፉን ባዩ ቍጥር ትእዛዙን እንዲያስቡ ተነገራቸው። ከግብፅ የወጡበትን ሌሊት በየዓመቱ የሚያስቡት በቂጣና በመራራ ቅጠል ነበር፤ መከራውን ምላስ ራሱ እንዲያስታውሰው ነው።

ዮርዳኖስንም በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች አውጥተው በጌልገላ አቆሙ። ምክንያቱም በመጽሐፈ ኢያሱ 4ኛው ምዕራፍ ተገልጧል፤ በኋላ ዘመን ልጆች የድንጋዮቹን ነገር ሲጠይቁ አባቶች ታሪኩን እንዲነግሯቸው ነው። እዚህ ላይ ሥርዐቱን ልብ እንበል። ድንጋዩ ይታያል፤ ልጁ ይጠይቃል፤ አባት ይናገራል። ልጁ የሚጠይቀው ሊፈትን ፈልጎ ሳይሆን ስለማያውቅ ነው። ይህን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በምድረ በዳ 40 ዓመት የተመገቡት መናም እንዳይረሳ፣ ከእርሱ አንድ መስፈሪያ በዕቃ ተደርጎ ለልጅ ልጅ እንዲጠበቅ ታዘዘ። ያንን ዕቃ ሊቃውንቶቻችን መሶበ ወርቅ ይሉታል። እስከ ዛሬም ድረስ ኅብስቱ ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ የሚሄድበት ዕቃ በዚሁ ስም ይጠራል። በየቤታችን እንጀራ የምናቀርብበት መሶብና በመቅደስ የሚከበረው መሶብ በስም አንድ መሆናቸው፣ የቤት ዕቃ የተናቀ ነገር አለመሆኑን ያስረዳል።

በሐዲስ ኪዳንም ነገሩ ይህንኑ የመሰለ ነው። ጌታችን መታሰቢያውን የሠራው በማዕድ ላይ ባገኘው በኅብስትና በጽዋ ነው። ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ረጅም መንገድ አብረውት ሲሄዱና ሲነጋገሩ አላወቁትም፤ ኅብስቱን በቈረሰ ጊዜ ግን ዐወቁት። ቃል ያልከፈተውን ዐይን የታወቀ የእጅ ሥራ ከፈተው። ደግሞም በዮሐንስ ወንጌል 18ኛው ምዕራፍ ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በፍም እሳት አጠገብ ቆሞ ሲሞቅ ነበር። በ21ኛው ምዕራፍ ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በባሕር ዳር ሲጠብቀው በዚያም የፍም እሳት ነበረ፤ በዚያም ፍቅሩን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። የፍሙ ሽታና ሙቀት ለጴጥሮስ ምን ያስታውሰው እንደ ነበር አስተዋይ ሰው ይረዳዋል።

2ኛ፤ የአረጋውያን መርሳት ምን እንደ ሆነ

ዕድሜ ሲገፋ ሁሉም ሰው ጥቂት መርሳቱ አይቀርም። የሰው ስም ቶሎ አለመምጣቱና ዘግይቶ መታወሱ፣ መነጽር ያስቀመጡበትን መፈለግ፣ ይህ ሁሉ የእርጅና ጠባይ ነው። ዘወትር በሚሄዱበት ሰፈር መንገድ መጥፋት፣ አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ መጠየቅ፣ ዕድሜ ልክ የሠሩበትን ሥራ ቅደም ተከተሉን ማጣት ግን የበሽታ ምልክት ነው። ይህን በአገራችን የመርሳት በሽታ ይሉታል። ከዚህ ወገን ዋና የሆነው አልዛይመር የሚባለው ነው፤ ስሙን ያገኘው በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ በሽታው በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ከተናገረው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። (ከዚህ በታች የሚገኙት የውጭ አገር ዘመናትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም ከመቶው ከ60 የሚበልጡት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች እንደሚኖሩ ገልጧል። እንግዲህ ይህ በእኛ ቤት ብቻ የደረሰ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አስረግጠን እንናገራለን። አንደኛ፣ በሽታው የአንጎል ሕመም ስለ ሆነ በቤተ ሰቡ ላይ የመጣ እርግማን ተብሎ ሊነገር አይገባውም። ሁለተኛ፣ መርሳት የሚመስል ነገር ሁሉ የማይድን አይደለም፤ የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መድከም፣ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ማነስ፣ ጽኑ ኀዘንና ትካዜ፣ የአንዳንድ መድኀኒት ጠንቅ፣ የጆሮ መድከምም እንኳ ሰውን ዝንጉ ሊያደርገው ወይም ሊያስመስለው ይችላልና ሐኪም መመርመር አለበት። ሦስተኛ፣ ትናንት ደኅና የነበረ አረጋዊ ዛሬ በድንገት ቢቃዥና ሐሳቡ ቢዛባ፣ ይህ እንደ ኢንፌክሽን ያለ ሌላ ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ። ጠበልና ሐኪም እርስ በርሳቸው አይጣሉም፤ ሁለቱም ከአንዱ ከመድኀኔ ዓለም ቸርነት የመጡ ናቸውና። ባለ መድኀኒቱን ሐኪም እንድናከብር መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ አዝዞናል።

3ኛ፤ ዕቃ ለምን ይረዳል

መርሳት የማስታወስን ኀይል በአንድ ጊዜ አያጠፋውም። አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርቡ ነገር ነው፤ ጧት የተበላው፣ ትናንት የመጣው እንግዳ። የሩቁ፣ ይልቁንም ከልጅነት እስከ ጕልምስና የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ይቈያል። ከዚህም በላይ የሚቈይ አለ፤ እርሱም የእጅ ዕውቀት ነው። ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ የተሠራ ሥራ በቃል ከሚነገረው ዕውቀት በተለየ መንገድ ስለሚቀመጥ፣ አፍ የረሳውን እጅ ሊያስታውስ ይችላል። ነጠላ ለበዓል፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለኀዘን የሚለበስበት ስልት የተለያየ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የቀኑን ስም መናገር ያቃታት እናት ነጠላዋን ስትቀበል ለቤተ ክርስቲያን የሚገባውን አለባበስ እጇ ሲያደርገው ይታያል። ሽታም እንዲሁ ነው። የእጣን፣ የሚቈላ ቡና፣ የቄጠማ፣ የበሶብላ ሽታ አንድ ሙሉ ዘመን ይዞ ይመጣል።

በአንድ ቤት የልጇን ስም መጥራት የተሳናት አንዲት ባልቴት አይተናል። ልጅቷ ከሣጥን ውስጥ እንዝርትና ጥቂት ባዘቶ አውጥታ በእጇ አኖረችላት። ባልቴቲቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ዳሰሰችው፤ ከዚያም እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ መፍተል ጀመረች። ፈትሉ ቀጭንና ያልተጓጐለ ነበር። እየፈተለችም ስለ እናቷና በልጅነቷ ስለ ወረደችበት ወንዝ ተናገረች። የልጇን ስም በዚያን ቀን አላስታወሰችም፤ ነገር ግን ለልጅቷ «አንቺም ቅረቢ፣ ላሳይሽ» አለቻት። ለስድስት ወር በእናቷ ዘንድ እንደ እንግዳ የነበረችው ልጅ በዚያን ሰዓት እንደ ገና ልጅ ሆነች።

የዘመናችን ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረውታል። በ1963 ሮበርት በትለር የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም፣ አረጋውያን ያለፈ ሕይወታቸውን ደጋግመው ማንሣታቸው የመጃጀት ምልክት አለመሆኑን፣ ሰው ሕይወቱን ወደ ኋላ ተመልክቶ የሚያስተካክልበት የተፈጥሮ ሥራ መሆኑን ጻፈ። ይህም እኛ ንስሐ ከምንለው ነገር የራቀ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ፎቶግራፍና የድሮ ዕቃ፣ ዜማም ጭምር ይዞ ከአረጋውያን ጋር ስላለፈው ዘመን መጨዋወት በብዙ አገር የእንክብካቤ ክፍል ሆነ። በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ቤተ መዘክሮች ከ2012 ጀምሮ የድሮ የቤት ዕቃ ለመርሳት ሕመምተኞች መጨዋወቻ እንዲሆን አስታማሚዎችን የሚያሠለጥን ሥራ ይሠራሉ። በ2018 የወጣ የ22 ጥናቶች ምርመራ ደግሞ፣ እንዲህ ያለው ጨዋታ ለኑሮ ደስታና ለመግባባት፣ ለማስታወስም መጠነኛ ጥቅም ሊሰጥ እንደሚችል፣ ጥቅሙም እንደ ቦታውና እንደ አደራረጉ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ እውነቱን እንናገር፤ ዕቃው በሽታውን አያድንም። የሚሰጠው ነገር የአንድ ሰዓት መገናኘት ነው። አባቱን ወይም እናቱን በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ለሚያጣ ሰው ግን አንድ ሰዓት ብዙ ነው።

4ኛ፤ የትኛው ዕቃ ለየትኛው ሥራ

የቤት ዕቃ ለአረጋውያን የሚሰጠው እርዳታ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ያለፈውን ዘመን ማስታወስ ነው፤ ሁለተኛው የዛሬን ቀን ማሳወቅ ነው።

ያለፈውን ዘመን ለማስታወስ ዕቃው ከሰውዬው ሕይወት የተወሰደ መሆን አለበት። ለገበሬ ጅራፉና መንሹ፣ ማጭዱም ጫፉ ደንዞ፤ ለባለ እጅ እናት ሰፌድ የምትሰፋበት አክርማና ስንደዶ፤ ለሸማኔ መወርወሪያው፤ ለወታደር አሮጌ የኮዳ ውሃ መያዣው፤ ለመምህር የተማሪዎቹ ፎቶግራፍ። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ መቋሚያ፣ ጸናጽል፣ ዳዊት ከነማኅደሩ፣ መቍጠሪያ። ዕውቀቱ ሁሉ ተበትኖበታል የተባለ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያውን በያዘ ጊዜ ትከሻው ሲቃናና እግሩ የዝማሜውን ልክ ሲጠብቅ አይተናል። ለብዙ እናቶች ከሁሉ የሚበልጠው የቡና ሥርዐት ነው። ረከቦቱ ሲዘረጋ ይታያል፤ ፍሬው ሲቈላ ይሸታል፤ ሙቀጫው ሲወቀጥ ይሰማል፤ ስኒው ይዳሰሳል፤ ቡናውም ይቀመሳል። አምስቱ የስሜት ሕዋሳት በአንድነት የሚጠሩበት ከዚህ የተሻለ ነገር በቤታችን የለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በቅደም ተከተል ስለሚሄድም፣ ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደ ሆነ ለጠፋበት ሰው ሥርዐቱ ራሱ ይመራዋል።

የዛሬን ቀን ለማሳወቅ የሚረዱት ዕቃዎች ደግሞ ከዚህ ይለያሉ። ቍጥሩ ጎልቶ የሚታይ የግድግዳ ሰዓት፤ በዓላትና አጽዋማት የተጻፉበት፣ ያለፈው ቀን የሚሰረዝበት የቀን መቍጠሪያ፤ ከመኝታ ወደ መጸዳጃ የሚወስደውን መንገድ ሌሊቱን የሚያሳይ መብራት፤ በመጸዳጃው በር ላይ የተለጠፈ ምልክት፤ መድኀኒት በየቀኑ ተከፍሎ የሚቀመጥበት ሣጥን፣ እርሱም በጤነኛ ሰው እጅ የሚጠበቅ፤ በኪስ ውስጥ የቤተ ሰቡ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት። እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ቢመስሉ የሰውን ክብር ይጠብቃሉ። ከሁሉም በላይ ጋቢውም ሆነ ከዘራው፣ መነጽሩም ጭምር ዘወትር በአንድ ቦታ ይቀመጥ። ለሚረሳ ሰው ቦታ ራሱ ማስታወሻ ነውና፣ ዕቃን ማዘዋወር የመጽሐፍን ገጽ ቀዶ እንደ መጣል ነው።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ትልቅ ሀብት ነው። በወለል ላይ የተጐዘጐዘ ቄጠማ በዓል መሆኑን ያለ ቃል ይናገራል። በመስከረም አደይ አበባ፣ በመስቀል ችቦ፣ በቡሄ ሙልሙል፣ በሆሳዕና በራስ ላይ የሚታሰር ዘንባባ፣ የጾም ወጥና የፍስክ ወጥ ልዩነት፣ በወሩ በ12፣ በ21፣ በ27 የሚዞረው የማኅበር ጽዋ፣ ይህ ሁሉ ዓመቱን በሚታይና በሚቀመስ ነገር የሚያሳይ ሰዓት ነው። አረጋዊው ስለማያውቅ ምን ያደርግለታል ብሎ በዓሉን ከእርሱ ጓዳ ማስቀረት፣ የቀረውን አንድ ሰዓት እንደ መስበር ነው።

5ኛ፤ አደራረጉ

ዕቃውን ማቅረብ ብቻውን አይበቃም፤ በክፉ አቀራረብ መልካሙ ነገር መከራ ይሆናል። ስለዚህ የሚከተለው ይጠበቅ።

ሀ. አትፈትኑ። ዕቃ አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው? ይቺ ማን ናት?» ማለት አረጋዊውን በልጆቹ ፊት እንደ ደካማ ተማሪ ማቆም ነው። መልሱን ሲያጣ ያፍራል፤ ሲያፍር ይቈጣል ወይም ዝም ይላል። ከላይ ስለ ጌልገላ ድንጋዮች የተናገርነውን እናስብ፤ ልጁ የጠየቀው ሊማር ነው። እኛም ዕቃውን በእጃቸው ሰጥተን «እማማ፣ ይህን እንዴት እንደሚይዙት ያሳዩኝ» ብንል፣ እርሳቸው አስተማሪ እኛ ተማሪ እንሆናለን። የቤቱ ሕፃናት ለዚህ ሥራ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ በእውነት የማያውቁ ናቸውና።

ለ. አታርሙ። ዘመኑን ቢያሳስቱ፣ የሞተውን ወንድማቸውን በሕይወት እንዳለ አድርገው ቢያነሡ፣ «እርሱ እኮ ሞቷል» ብሎ በየቀኑ ማርዳት ጭካኔ ነው፤ መርዶው በየቀኑ አዲስ ይሆንባቸዋልና። ይህ ግን ውሸት ተናገሩ ማለት አይደለም። «ወንድምዎ ምን ዐይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ከውሸትም ከጭካኔም የራቀ መልስ ነው።

ሐ. አታብዙ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰው፣ ጸጥታ ያለበት ሰዓት ይበቃል። ራዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ፤ ብርሃኑ በቂ ይሁን፤ በየቀኑ ሰዓቱ አንድ ይሁን። ብዙ ጊዜ ወደ ማታ አረጋውያኑ ስለሚታወኩ ጧት ይሻላል።

መ. የሚያሳዝነውን ዕቃ ለዩ። ዕቃ ደስታን እንደሚያነሣሣ ኀዘንንም ያነሣሣል። ወገኖቻችን በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ አይተዋል፤ በጦርነትና በሽብር ዘመን ልጅ ቀብረዋል። እንጀራ በነጠላው ቋጥሮ ከትራሱ በታች የሚሸሽግ ሽማግሌ ሌባ ወይም ንፉግ ተብሎ አይሰደብ፤ ምናልባት ረኃቡ ተመልሶበት ይሆናልና። በሟች ልጅ ፎቶግራፍ ፊት እናት ብታለቅስ ማልቀሷ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ አብሮ ተቀምጦ እጅ መያዝ ይገባል። ሁልጊዜ የሚያስጨንቃት ከሆነ ግን ፎቶግራፉ ሳትነቀፍ ይነሣላት። መስተዋትም አንዳንዶችን ያስፈራቸዋል፤ የራሳቸውን ያረጀ ፊት እንግዳ ሰው ይመስላቸዋልና። በዚያን ጊዜ መስተዋቱን በጨርቅ መሸፈን ነው።

ሠ. ከአደጋ ጠብቁ። ፍም እሳት፣ የፈላ ጀበና፣ ቢላዋ፣ ኩራዝና ጋዝ ብቻቸውን ከአረጋዊው ጋር አይተዉ። ቡናውን ሌላው ያፍላ፤ እርሳቸው ፍሬውን ይልቀሙ፣ ስኒውን ይደርድሩ። ያልተቃጠለ እጅ ነገም ይሠራል።

6ኛ፤ ቤት ስለ መለወጥ

ልጆች ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአገርም ወደ አሜሪካና ወደ አውሮጳ ወላጆቻቸውን የሚወስዱት በፍቅር ነው። ነገር ግን በአዲሱ ቤት ውስጥ ለእናቲቱ የሚናገራት አንድም ዕቃ አይኖርም፤ ምድጃው ቍልፍ ነው፤ መስኮቱ ሌላ ሰማይ ያሳያል። ከዚያ በኋላ መርሳቱ ፈጥኖ የጨመረ ሲመስል ቤተ ሰቡ ይደነግጣል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ 19ኛው ምዕራፍ የ80 ዓመቱ ሽማግሌ ቤርዜሊ ታሪክ ተጽፏል። ንጉሥ ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ወስዶ ሊጦረው ቢለምነው፣ የሚበላውን ጣዕሙን እንኳ የማይለይ መሆኑን ገልጦ፣ በአገሩ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ይሞት ዘንድ ለመነ። ዳዊትም አልተቀየመውም፤ ሳመው፣ መረቀውም፣ አሰናበተው። ወላጅ በአገሩ ሊጦር የሚችል ከሆነ ልጅ የዳዊትን ትዕግሥት ይያዝ። መሄዱ የግድ ከሆነም ከአዳዲስ ልብስ ይልቅ አሮጌውን ጋቢ፣ ሥዕለ አድኅኖውን፣ የቡናውን ስኒ፣ የሚያውቁትን ትራስ አስቀድሞ በሻንጣ ማኖር ይገባል። በአዲሱም ቤት አልጋውና ወንበሩ እንደ ቀድሞው ቤት አቀማመጥ ይቀመጡ።

7ኛ፤ የካህናት ፈንታ

የንስሐ አባት ወደ አረጋዊው ቤት ሲገባ ራሱ የእጅ መስቀል ይዞ ይገባል። ይህም መስቀል ከዕቃዎች ሁሉ የከበረ መዘክር ነው። ስሙን የረሳ ሰው መስቀሉን ባየ ጊዜ ለመሳለም ራሱን ሲያዘነብል፣ ጸሎት በተጀመረ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን አብሮ ሲያደርስ እናያለን። ስለዚህ ካህኑ፣ አረጋዊው አያውቀኝም ብሎ እግሩን አያሳጥር። ጸሎቱን በዝግታና በታወቀው ዜማ ያድርስ፤ ዳዊቱን በእጃቸው ይስጥ፤ ስለ ማይታወስ ነገር አይመርምር። በሰንሰለት የታሰረ፣ በጨለማ የተዘጋ፣ መድኀኒቱ የተከለከለ አረጋዊ ቢያገኝ ግን ዝም አይበል፤ ይህ ሃይማኖት አይደለምና ቤተ ሰቡን በፍቅርና በሥልጣን ያስተምር።

አስታማሚዋንም ይመልከት። ይህን ሸክም ብዙ ጊዜ የምትሸከመው አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ሌሊት አትተኛም፤ ቀን አታርፍም፤ ያስታመመቻቸው ሰው ምስጋናዋን አያውቁላትም። መጽሐፈ ሲራክ በ3ኛው ምዕራፍ የአባቱ ማስተዋል ቢጐድልበት ልጅ እንዲታገሥና እንዳይንቀው ያስተምራል፤ ይህ ትእዛዝ ግን ለአንዲት ልጅ ብቻ የተሰጠ አይደለም። የጽዋ ማኅበሩና ዕድሩ በየተራ አንድ አንድ ከሰዓት በኋላ ወስደው ከአረጋዊው ጋር ቢቀመጡ፣ እርሷም ቤተ ክርስቲያን ሳመች፣ ልብሷን አጠበች፣ ጥቂትም አንቀላፋች። ይህ ከገንዘብ ምጽዋት የማያንስ ምጽዋት ነው።

ለነፍስ የሚያስፈልገው ጸሎት ነው፣ ስለ ጀበናና ስለ እንዝርት መጻፍ ለካህን አይገባውም የሚል ቢኖር፣ መልሳችን አጭር ነው። ጌታ በትንሣኤው ለደቀ መዛሙርቱ እሳት አንድዶ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ነፍስን የሚወድ ሰው ነፍስ የምትናገርበትን እጅና ምላስ አይንቅም።

በመጨረሻም፣ መሶቡም መስቀሉም ምንም የማያስታውሱበት ቀን ሊመጣ እንደሚችል እናውቃለን። እንዝርቱ ከእጅ ይወድቃል፤ ጸሎቱም በከንፈር ላይ ይቀራል። በዚያን ቀን ለማሰብ የቀረው ማን ነው? በነቢዩ በኢሳይያስ 49ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር እናት ልጇን ብትረሳ እንኳ እርሱ እንደማይረሳ ተናግሯል፤ ሕዝቡንም በእጁ መዳፍ እንደ ቀረጸ ገልጧል። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴም የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዲታሰብ። የሰው ማስታወስ ሲያልቅ የእግዚአብሔር ማሰብ አያልቅም። እኛ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ፣ እርሱ ያሰባቸውን አንርሳ፤ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ በጓዳ ከተቀመጡት አባታችን ወይም እናታችን አጠገብ እንቀመጥ፤ እጃቸው የሚያውቀውን አንድ ዕቃ በእጃቸው እናኑር፤ ያሳዩንም ዘንድ እንለምናቸው።

አረጋውያንን የሚያስብ፣ ዘካርያስንና ኤልሳቤጥን በእርጅናቸው የጐበኘ አምላክ፣ የእኛንም አባቶችና እናቶች በቸርነቱ ያስብልን፤ የሚጦሯቸውንም ክንድ ያጽናልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን ለዘለዓለሙ፤ አሜን።